ቱሪስቱ መጣ፣ ገንዘቡ የት አደረ?

ካርታ ያዥ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ክር የከፈትኩት ንድድ ብሎኝ ነው። አጻጻፌ ከሻከረ ይቅርታ።

አራት ዓመት የተከራየኋት ባለ አንድ መኝታ ቤት አለች። ባለፈው ሳምንት አከራዬ ጠራኝና "ለአጭር ቀን እንግዳ ላደርጋት ነው፣ ሦስት ወር ልስጥህ" አለኝ። አልተጣላንም። ሒሳቡን ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። እኔ በወር የምከፍለውን ቱሪስት በዘጠኝ ሌሊት ይከፍለዋል። እውነቱን ለመናገር በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

በዚያው ሰሞን "የጎብኚ ቁጥር ጨመረ፣ ከተማው ተጠቀመ" ሲባል ሰማሁ። ከተማው ማን ነው? እኔስ ከተማው ውስጥ አይደለሁም እንዴ? የቱሪስት ገንዘብ ገባ ሲባል በትክክል የት ነው የሚገባው? ሆቴል የምትሠሩ፣ ቁጥር የምታውቁ፣ እስቲ አስረዱኝ።

አጭር ቃል

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሪሴፕሽን ማታ

የማታ ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ሎቢው ጭር ብሏል። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አንድ እንግዳ ለአንድ ሌሊት 100 ዶላር ከፈለ እንበል። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ የኛ ሆቴል ሒሳብ አይደለም። እንግዳው በቡኪንግ ድረ ገጽ ከመጣ ከሁሉ በፊት ኮሚሽን ይነሳል። 15 በመቶ የተለመደ ነው፣ ከዚያም በላይ የሚሄድ አለ። ያ ገንዘብ ከተማውን አይረግጥም። ሌላ አገር ተከፍሎ ሌላ አገር ይቀራል።

ሆቴሉ የታወቀ ስም የለጠፈ ከሆነ ደግሞ የስም ክፍያ አለ። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ እንደ ማሪዮትና ሒልተን ያሉ ድርጅቶች ስማቸው ከተለጠፈባቸው ሕንፃዎች የአብዛኞቹ ባለቤት አይደሉም። ሕንፃው የሌላ ባለሀብት ነው። እነሱ ስሙን፣ የቡኪንግ ሲስተሙንና አሠራሩን ይሰጣሉ፣ አንዳንዴ ሥራ አስኪያጅም ይልካሉ። የስሙ ክፍያ ከገቢው ላይ ስለሚቆረጥ ባለቤቱ ከስሮም ይከፍላል።

ከዚያ ግብር፣ የባንክ ብድር ወለድ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ላውንድሪ ይመጣል። አሳንሰሩ ሲበላሽ መለዋወጫው ከውጭ ነው። መጨረሻ ላይ እኛ ሠራተኞቹ አለን። የእኔ ደሞዝ ግን ከተማው ውስጥ ያድራል፣ ይህን እወቅልኝ። ለቤት ኪራይ፣ ለታክሲ፣ ለአስቤዛ ነው የሚወጣው። ከዚያ 100 ዶላር ውስጥ ለሰፈሬ ሱቅ የሚደርሰው በእኔና በክፍል አጽጂዎቹ ኪስ በኩል ነው።

የቁጥር ሰው

እህታችን ጥሩ አድርጋ አስቀመጠችው። እኔ ስሌቱን ልጨምር።

የኢኮኖሚ ሰዎች የቱሪስትን ገንዘብ በሦስት ዙር ያዩታል። መጀመሪያ እንግዳው ራሱ ለሆቴል፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት የከፈለው አለ። ቀጥሎ ሆቴሉ ለአትክልት አቅራቢው፣ ለላውንድሪው፣ ለጥበቃ ድርጅቱ የሚከፍለው ይመጣል። ሦስተኛው የእነዚህ ሁሉ ሠራተኞች ደሞዛቸውን ሲያወጡ ነው። ገንዘቡ በዞረ ቁጥር እየተባዛ ይሄዳል፣ ግን በየዙሩ የተወሰነው ከከተማው ይፈስሳል። ቀዳዳ ባልዲ አስቡ።

ከእያንዳንዱ 100 ውስጥ 60 እዚያው ከተማ ተመልሶ ቢወጣ፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 21.6 እያለ ሲደመር መጨረሻው 250 ነው። 30 ብቻ ቢቀር ግን ድምሩ ወደ 143 ይወርዳል። ቱሪስቱ ያው ነው፣ የከፈለውም ያው ነው። ልዩነቱ ሆቴሉ ቲማቲሙንና አንሶላውን ከየት ይገዛል የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ዜናው የጎብኚ ቁጥር ብቻ ሲነግርህ ስለ ባልዲው ቀዳዳ ምንም አልነገረህም።

ሌላም ችግር አለ። ቱሪዝም በአገር ሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ግብርና ወይም እንደ ማዕድን ራሱን ችሎ የቆመ ዘርፍ አይደለም። ታክሲው አንተንም ቱሪስቱንም ይጭናል። ሬስቶራንቱም እንደዚያው። የትኛው ሳንቲም የቱሪስት እንደሆነ ለመለየት "የቱሪዝም ሳተላይት ሒሳብ" የሚባል ዘዴ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን በ2000 (እዚህ ክር ላይ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ተቀብሎታል። ዘዴው በዋናነት ለአገር የተሠራ ነው። ወደ አንድ ከተማ ሲወርድ መረጃው ይሳሳል፣ ግምቱም ይበዛል። "ቱሪዝም ለከተማችን ይህን ያህል አስገባ" ሲባል ከጀርባው ስንት ግምት እንዳለ ጠይቁ።

አጭር ቃል

ቀዳዳ ባልዲ ወደድኩት። በላም ፋንታ ባልዲ።

ድንጋይ አንባቢ

ካርታ ያዥ፣ ያንተ ታሪክ በቬኒስ ከተማ ልክ ተደግሟል። ይቅርታ፣ ያንተ ነው የደገማት፣ እሷ ትቀድማለች።

በ1951 በቬኒስ ጥንታዊው ክፍል ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ማንም በጉልበት አላስወጣቸውም። አንዱ ትልቅ ምክንያት ቤቱ ለነዋሪ ከሚያወጣው ለእንግዳ የሚያወጣው መብለጡ ነው። ነዋሪው ሲሳሳ ዳቦ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው፣ መድኃኒት ቤቱ ደንበኛ አጣ፣ ቦታውን የማስታወሻ ዕቃ ሱቅ ያዘው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ጋር የቀን ጎብኚውን አስብ። በጠዋት ይገባል፣ ድልድይ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ የያዘውን ሳንድዊች ይበላል፣ ማታ ይወጣል። ቆሻሻው ግን ያድራል። መንገድ የሚጠርገው፣ ቧንቧ የሚጠግነው፣ ፖሊስ የሚያሰማራው ከተማው ነው። ስለዚህ ቬኒስ ከሚያዝያ 25 ቀን 2024 ጀምሮ በተመረጡ ቀናት ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ አስከፈለች። እዚያው የሚያድር እንግዳ በሆቴሉ በኩል የማደሪያ ቀረጥ ስለሚከፍል ከዚህ ነፃ ነው። አመክንዮውን ተመልከቱ፣ ክፍያው የተጣለው ባላደረው ሰው ላይ ነው።

በመርከብ የሚመጣው የባሰ ነው። መርከቡ ሆቴሉ ነው፣ ሬስቶራንቱም ሱቁም እዚያው ላይ ነው። ዱብሮቭኒክ የምትባለው የክሮኤሺያ ከተማ ከ2019 ጀምሮ በቀን ከሁለት መርከብ በላይ እንዳይመጣባት ከመርከብ ኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። በዚያች ጠባብ አሮጌ ከተማ በአንድ ጠዋት አምስት ስድስት ሺህ ሰው ሲፈስስባት አስቡት። ውሃና አይስክሬም ገዝቶ ለሚመለስ ሰው!

ባለ ሁለት ክፍል

እንግዲህ የምትከሱት ሰው መጣሁ። 🙂

ከቤቴ ሁለት ክፍል ለእንግዳ አከራያለሁ። እዚያው ቤት ነው የምኖረው። አንሶላውን የምታጥበው ጎረቤቴ ናት፣ ቁርሱን የምገዛው ከመንገዱ ማዶ ነው። ባልዲውን ካነሳችሁ የኔ ባልዲ ከትልቁ ሆቴል ባልዲ የተሻለ ነው። የድረ ገጹ ድርሻ ሲቀነስ የቀረው በሙሉ ሰፈር ውስጥ ነው የሚወጣው። ከልጄ ትምህርት ቤት ክፍያ ግማሹ ከእነዚህ ክፍሎች ነው።

ደግሞ ኪራይ የጨመረው በኛ ምክንያት ብቻ አታድርጉት። ኒውዮርክ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ከ30 ቀን በታች ማከራየት የሚፈልግ ሰው መመዝገብ፣ እንግዳው ባለበትም አብሮ መገኘት አለበት፣ እንግዳውም ከሁለት መብለጥ የለበትም ብላለች። ብዙ ቤት ከገበያው ወጣ። ኪራዩ ረከሰ? አልረከሰም። ቤት ካልተሠራ ቱሪስቱን ብታባርሩትም ቤት አይኖርም።

ካርታ ያዥ

ባለ ሁለት ክፍል፣ አንቺን አይደለም። አንቺ ቤትሽ ውስጥ ነሽ። የኔ አከራይ ሰባት ቤት አለው፣ ሁሉንም ሊለውጣቸው ነው።

ባለ ሁለት ክፍል

ሰባት ከሆነ ያ ሆቴል ነው። የሆቴል ግብር ይክፈል፣ የእሳት ማጥፊያ ይግዛ፣ እንደ ሆቴል ይመርመር። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

ድንጋይ አንባቢ

የሚገርመው ክርክሩ አሁን ያለው እዚሁ ነጥብ ላይ ነው። የባርሴሎና ከንቲባ በ2024 የያዙት አቋም ግን ከሁለታችሁም ይከርራል። በከተማዋ ፈቃድ ያላቸው 10,101 የቱሪስት አፓርታማዎች እስከ ኅዳር 2028 ሁሉም እንዲቀሩ ፈቃዳቸው እንደማይታደስ አስታውቀዋል። አምስተርዳም ሌላ መንገድ ይዛለች። በ2024 የቱሪስት ቀረጡን የማደሪያው ዋጋ 12.5 በመቶ አደረሰችው፣ አንድ ሆቴል ካልተዘጋ አዲስ ሆቴል አይከፈትም የሚል ደንብም አወጣች።

ባርሴሎና ይህን ማድረጓ ለኔ ያስተክዛል። በ1992 ኦሎምፒክ ሰበብ ጀርባዋን ሰጥታው የነበረውን ባሕር መልሳ አገኘች። የፋብሪካና የሐዲድ ሰፈር የነበረው ዳርቻ አሸዋማ ባሕር ዳርቻ ሆነ። ያኔ ዓለም ሁሉ እንደ ባርሴሎና እንሁን ይል ነበር። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ነዋሪው ቱሪስት ላይ የውሃ ሽጉጥ ሲተኩስ አየን።

አጭር ቃል

የውሃ ሽጉጡ ከባልዲው ነው የተሞላው?

ጋሼ ሻንጣ

ልጆች፣ ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሆቴል ውስጥ 31 ዓመት ሠርቻለሁ። የጀመርኩት ሻንጣ በመሸከም ነው፣ የጨረስኩት ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ። ቁጥር አላውቅም፣ ያየሁትን ልናገር።

ሆቴል የትምህርት ማስረጃ የሌለውን ሰው አስገብቶ የሚያሳድግ ቤት ነው። ሳህን አጣቢ ሆኖ ገብቶ ሼፍ የሆነ በእጄ ያሳደግኩት ልጅ አለ። ክፍል ስታጸዳ የነበረች ልጅ ሦስት ቋንቋ ተምራ ሪሴፕሽን ቆመች። ፋብሪካ ማሽን ያስገባል፣ እኛ ግን አልጋ የሚያነጥፍ ማሽን እስካሁን አላገኘንም። አንድ ከተማ ብዙ ወጣት ካለው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናንተ ገንዘቡ የት ሄደ ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ሙያው የት ቀረ እላለሁ። ሙያው ሰው ላይ ይቀራል።

ክፋቱንም ልንገራችሁ። ወቅቱ ሲያልፍ ያን ልጅ አሰናብተዋለሁ። ጊዜያዊ ነው፣ ኮንትራቱ አልቋል። ሲዝኑ ሲመጣ ደግሞ እጠራዋለሁ። ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር የሚቀመጥ ሰው ቤት መሥራት ቀርቶ ማግባትም ይከብደዋል። ባለቤቱ ኪሳራን ሁልጊዜ በሠራተኛው ሲያካክስ አይቻለሁ። እኔም ራሴ ደብዳቤውን ፈርሜ ሰጥቻለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኮሮና የገባበትን 2020ን አትርሱ። የኔን ሎቢ ያኔ ብታዩት! 140 ክፍል፣ ሁለት እንግዳ። አንደኛው ተመላሽ በረራ ያጣ ሰው ነበር፣ በኋላ ቤተሰብ ሆነ።

የቁጥር ሰው

ጋሼ ያነሱት 2020 የዚህ ሁሉ ክርክር ምርጥ ማስረጃ ነው። በ2019 ድንበር ያቋረጠው ቱሪስት በዓለም ደረጃ 1.46 ቢሊዮን ገደማ ነበር። በ2020 ከ70 በመቶ በላይ ወረደ። ሁሉም ከተማ ግን እኩል አልተመታም። ላስ ቬጋስ ካዚኖዎቹ በመጋቢት ተዘጉ፣ በሚያዝያ የሥራ አጡ ቁጥር ከ30 በመቶ አለፈ። ከሦስት ሠራተኛ አንዱ ማለት ነው፣ ያውም በአንድ ወር ውስጥ። የቻይናዋ የቁማር ከተማ ማካው የባሰባት ናት፣ በዚያ ዓመት ኢኮኖሚዋ ከግማሽ በላይ ጠፋ። የመንግሥቷ ገቢ አብዛኛው ከቁማር ቤት ግብር ነበርና።

ሁለቱም ከተሞች በአንድ እግር የቆሙ ናቸው። እግሩ ሲደነዝዝ ይወድቃሉ። ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደብ፣ ፋብሪካ ያለው ከተማም ቱሪስቱን አጥቷል፣ ጎድቶታልም፣ ግን አልተንኮታኮተም።

ሪሴፕሽን ማታ

ስለ ቁጥር ከተነሳ አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። "ሆቴሎች ሞሉ" የሚባለው።

100 ክፍል ያለው ሆቴል 60ውን በ100 ዶላር ቢሸጥ 6,000 ያገኛል። ዋጋ አውርዶ 90ውን በ65 ቢሸጥ 5,850 ነው። ሞልቶ ያነሰ አገኘ! በዚያ ላይ የሚታጠበው አንሶላ በ30 ክፍል ጨመረ፣ ቁርሱ ጨመረ፣ ሙቅ ውሃው ጨመረ፣ የክፍል አጽጂዎቹ ወገብ ተቆረጠ። ግን ዜናው ላይ የሚቀርበው 90 ነው።

ባለቤቶች ይህን የሚያደርጉት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የዛሬ ማታ አልጋ ዛሬ ካልተሸጠ አለቀ። እህል ይቀመጣል፣ ልብስ ይቀመጣል፣ ሌሊት አይቀመጥም። አጠገባቸው አምስት አዲስ ሆቴል ሲከፈት ይደነግጡና ዋጋ ይሰብራሉ። ከዚያ የሚሰበረው ደሞዛችን ነው።

አጭር ቃል

ታዲያ ምን ይደረግ? ቱሪስት ይቅር?

ድንጋይ አንባቢ

ማን ይቅር አለ? የስፔኗን ቢልባኦን እይ። የብረትና የመርከብ ሥራ ከተማ ነበረች፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ አጥ ሞላባት። በ1997 አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው የጉገንሃይም ሙዚየም ተከፈተ፣ ጎብኚ ጎረፈ፣ "የቢልባኦ ውጤት" የሚል አባባል ተፈጠረ። ብዙ ከንቲባ ያን አይቶ የተጣመመ ሕንፃ አስገነባ፣ ግን ጎብኚው እንደ ቢልባኦ አልጎረፈም። ለምን? ቢልባኦ ሙዚየም ብቻ አልሠራችማ። ወንዟን ለዓመታት አጽድታለች፣ በ1995 ሜትሮ ከፍታለች፣ የወደቡን መሬት መልሳ ለሰው መሄጃ አድርጋለች። ሜትሮውን ቱሪስቱም ይሳፈርበታል፣ ነዋሪው ግን በየቀኑ ይሳፈርበታል። ቱሪስት ቢቀር እንኳ ሜትሮው አይቀርም።

ከዚያ ጋር ሞንትሪያልን አወዳድር። ለ1976 ኦሎምፒክ የገባችበትን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። ለአሥራ ስድስት ቀን ድግስ ሠላሳ ዓመት! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የቁጥር ሰው

የድግስ ነገር ከተነሳ፣ እንግዳ እንግዳን እንደሚያባርርም አትርሱ። ለንደን በ2012 ኦሎምፒክ ስታስተናግድ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ተራ ጎብኚ ግርግሩንና ዋጋውን ፈርቶ ቀረ። በመሀል ከተማ ሱቆችና ቲያትር ቤቶች ገበያ ቀዘቀዘብን ብለው ሲያማርሩ ነበር። ለኦሎምፒክ የመጣውን ብቻ ቆጥሮ የቀረውን ያልቀነሰ ሪፖርት ካያችሁ አትመኑት።

ለአጭር ቃል ጥያቄ የኔ መልስ፦ አንድ ከተማ መቁጠር ያለበት ስንት ሰው መጣ የሚለውን ሳይሆን ስንት ሌሊት አደረ፣ ካወጣው ስንቱ እዚያው ተመልሶ ወጣ የሚለውን ነው። ለስብሰባ የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከሚዝናናው ይበልጥ ያወጣል። የሚመጣውም በሥራ ቀንና ሲዝኑ ባለፈበት ወር ስለሆነ የጋሼን ጊዜያዊ ልጅ ሥራ ላይ ያቆየዋል።

ጋሼ ሻንጣ

እሱ እውነት ነው። የስብሰባ ሰው ጉርሻ ግን አይሰጥም፣ ጉርሻ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው ደረሰኝ የለውማ።

ሪሴፕሽን ማታ

ሃሃሃ ጋሼ! ይህን እኮ ማንም ኢኮኖሚስት አልጻፈውም።

ባለ ሁለት ክፍል

ስለ ጉርሻ ካነሳችሁ፣ ሮም በትሬቪ ፏፏቴ የሚወረወረው ሳንቲም ተለቅሞ ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚሰጠው። ኮሚሽን የማይቆረጥበት ብቸኛው የቱሪስት ገንዘብ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ካርታ ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤቷን ለቅቄ ራቅ ያለ ሰፈር አግኝቻለሁ፣ ለሥራ ሁለት ታክሲ ነው። አከራዬን አሁንም አልጠላውም፣ ሰባቱ ቤቶች ግን እንደ ሆቴል ግብር ይክፈሉ የሚለውን ሐሳብ ወስጄዋለሁ። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። በሚቀጥለው ወር እረፍት ልወጣ ነው። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ማደሪያ ይዣለሁ። መሀል ከተማ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ። ከሆቴል ረከሰልኝ።

አጭር ቃል

😂😂😂

ባለ ሁለት ክፍል

ባለቤቱ ስንት ቤት አለው?

ካርታ ያዥ

አሁን ገብቼ አየሁ። አሥራ አንድ።

ድንጋይ አንባቢ

ሰርዘው!

ካርታ ያዥ

ከሰረዙ ገንዘቡ አይመለስም ይላል።

ሪሴፕሽን ማታ

እንግዲያው ሂድ። ቤቱን የምታጸዳውን ሴት ካገኘሃት ጉርሻውን በእጇ ስጣት። በድረ ገጹ በኩል እንዳትልክላት ብቻ።

ጋሼ ሻንጣ

ደረሰኝ አትጠይቃት።